ማለፊያ ዳዮድ

ባለሙያዎች ባይፓስ ዳዮድ የሚሉት ዕቃ ከሶላር ፓኔል ጀርባ፣ ገመዶቹ በሚወጡበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ይገኛል። የፓኔሉ ከፊል ጥላ ሲያርፍበት ኮረንቲው የታገደውን ክፍል ትቶ በጎን እንዲያልፍ ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ ማለፊያ ዳዮድ ተብሏል።

የተለመደው ባለ 60 ሴል ፓኔል ሴሎቹን በተርታ ያያይዛል፤ እያንዳንዱ ሴል ሥራ ላይ ሳለ ግማሽ ቮልት ያህል ያመነጫል። ተርታው በግንባታ ቦታ ሲሚንቶ በባሊ የሚቀባበሉ ሠራተኞችን ይመስላል። አንዱ እጁን ከሰበሰበ፣ የቀሩት የቱንም ያህል ቢበረቱ ባሊው እዚያው ይቆማል። ጥላ ባረፈበት ሴል ላይ ግን ከመቆምም የከፋ ነገር ይደርሳል። ፀሐይ የሚመታቸው 59 ሴሎች እስከ 30 ቮልት በሚደርስ ግፊት ኮረንቲውን በግድ ሊያሳልፉበት ይሞክራሉ፤ ኃይል አመንጪ የነበረው ሴል ኃይል በላተኛ ሆኖ ይግላል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ፣ መስታወቱን ሊሰነጥቅና የጀርባውን ላስቲክ ሊያቃጥል ይችላል። ሆት ስፖት የሚባለው ይህ ነው። «ትኩስ ነጥብ» ማለት ይቻል ነበር፤ ይሁንና ትኩስ የሚባለው እንጀራም ወሬም ነው። ምጣድና ማረሻ ግን ይግላሉ እንጂ አይተኩሱም፤ ስለዚህ «የግለት ነጥብ» ይሻላል።

ባለ 60 ሴሉ ፓኔል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳዮዶች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ሴል ይጠብቃል። ጥላ ባንዱ ክፍል ላይ ሲወድቅ ዳዮዱ ይከፈታል፤ በሴሉ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ወደ 10 ቮልት ገደማ ይወርዳል። የፓኔሉ ሲሶ ኃይል ይታጣል፤ ሁለቱ እጅ ግን መሥራቱን አያቆምም።

ባይፓስን «አቋራጭ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። አቋራጭ ሁልጊዜ የሚመረጥ አጭር መንገድ ነው፤ ይህ ግን ዋናው መንገድ ሲዘጋ ብቻ የሚከፈት ነው። «ተለዋጭ» ደግሞ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ከሚባለው ከኤሲ ጋር ይምታታል። «ማለፊያ» ደኅና፣ መልካም የሚል ሌላ ፍቺ ቢኖረውም ዳዮድ ከሚለው ቃል ጋር ሲነገር አያደናግርም።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ጥላዋ በዓመት ውስጥ አቅጣጫ ይቀይራል። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ በ54 ዲግሪ ከፍታ ስለምታበራ፣ ሁለት ሜትር የሚረዝም የውሃ ሮቶ ወደ ሰሜን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ጥላ ይጥላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። በአንድ የበጋ ቀን ብቻ ታይቶ «እዚህ ጥላ የለም» የተባለ ጣሪያ ክረምት ሲገባ ሊያሳፍር ይችላል። ሮቶው፣ ዲሹ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ከአጥር ወዲያ የሚረዝመው ባሕር ዛፍ ሁሉ በሁለቱም ወቅት መታየት አለባቸው።

የአቀማመጡም ነገር ቀላል አይደለም። ሦስቱ ክፍሎች የሚዘረጉት በፓኔሉ ርዝመት ነው። ስለዚህ ከታች ጠርዙ ላይ የግንብ ከለላ ጥላ የሚያርፍበት ፓኔል ቆሞ ከተተከለ ጥላው ሦስቱንም ይነካል፤ ዳዮዶቹም ሊያድኑት አይችሉም። ጋደም ተደርጎ ሲተከል ግን የሚጎዳው አንዱ ብቻ ነው። ሴሎቻቸው ለሁለት የተቆረጡት አዳዲስ ፓኔሎች አሠራራቸው ስለሚለይ ይህ ደንብ በቀጥታ አይሠራባቸውም።

በዳባትና በደባርቅ ገጠር መብራት ለማብራትና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የሚውሉት ትንንሽ ፓኔሎች ዳዮድ ጭራሽ ላይኖራቸው ይችላል። እነዚህን ከጥላ የሚያድናቸው የተሰቀሉበት ቦታ ብቻ ነው። የደጋው ብርድ ግን ለፓኔል በጎ ነው፤ ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ኃይል ያጣልና። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ፓኔል ይህን ጥቅም ያጣል፤ ነፋስ የሚገባበት አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

ዳዮዱ ራሱም ይጎዳል። 9 አምፔር ሲያልፍበት ከ4 ዋት በላይ ሙቀት በሳጥኑ ውስጥ ያፈልቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ለሰዓታት የሚያርፍ ጥላ ያደክመዋል። የክረምት መብረቅም በአቅራቢያ ሲወድቅ ሊያበላሸው ይችላል። ተበላሽቶ ከተዘጋ ችግሩ ከውጭ አይታይም፤ መከላከያው መጥፋቱ የሚታወቀው ሴል ሲቃጠል ነው። ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ከቀረ ግን መለየት ቀላል ነው፦ ከሌላ ዕቃ ተለያይቶ በጠራ ፀሐይ ሲለካ 38 ቮልት ገደማ ሊያሳይ የሚገባው ባለ 60 ሴል ፓኔል 25 ብቻ ያሳያል።

ወፍ የጣለችው ኩስም እንደ ጥላ ነው፤ አንድ ሴል መሸፈን ይበቃዋል። መስታወቱ ሳይግል፣ በማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል።