በክንድ የሚቀበረው መከላከያና ጤና ኬላው

በክንድ ቆዳ ስር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ በኢትዮጵያ ገጠር የተስፋፋው በመድኃኒቱ ጥራት ብቻ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፊንላንድ ቀድማ የፈቀደችው ኖርፕላንት የተባለው ዓይነት ስድስት ዘንግ ነበረው፤ ኢምፕላኖን የተባለው ግን አንድ፣ ክብሪት እንጨት የሚያህል፣ ለ3 ዓመት የሚያገለግል ነው። ይህ ሥራውን አቅልሎታል። ዋናው ለውጥ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ እንዲያስገቡት ሲፈቀድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካገቡ ሴቶች ተጠቃሚዎቹ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ ደረሱ።

«ለጋሾች በገፍ ስላቀረቡት እንጂ» የሚል አይጠፋም። አቅርቦቱ ወሳኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሚያስገባው ሰው ቀበሌ ድረስ ባይወርድ ዕቃው መጋዘን ይቀር ነበር። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሠለጠኑት ለማስገባት ብቻ ስለነበር፣ ማስወጣት የፈለገች ሴት ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ነበረባት። ማስገባቱን ደጇ አድርሶ ማውጣቱን ማራቅ የሴቲቱን ምርጫ በግማሽ ማክበር ነበር።