መዶሻ ሲፈለግ የተገኘ ወርቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ብረት ጠቋሚ መሣሪያን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆቴል፣ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ስንገባ ጥበቃው ያቺን ዱላ የምትመስል ነገር ከብብታችን ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ያወርዳታል። ጢጥ ትላለች። «ምንድን ነው?» «ቁልፍ ነው።» «እሺ፣ ግባ።» የብዙዎቻችን ትውውቅ እዚህ ላይ ያበቃል።

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ግን ትውውቁን ወደ ፍቅር ሊያሳድገው ነው። ቅዳሜና እሁድ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ረዘም ያለ ዘንግ ይዘው ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሰዎችን አይቶ ልቡ ተሰረቀ። ደወለልኝና «አንድ ልገዛ ነው» አለኝ። «ለእረፍት ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። አክሱም ሄደን ሁለት ቀን ብንዞር የወርቅ ሳንቲም አናጣም። ግማሽ ግማሽ!» እኔም ሰው ነኝ፤ ግማሽ ግማሽ የምትለዋ ነገር ደስ አለችኝ። «እስቲ ላስብበት» አልኩትና ስለ መሣሪያው ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው፤ እናንተም እግረ መንገዳችሁን ስሙት። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከወርቅ ሳይሆን ከጥይት ነው። ጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ ተተኮሰባቸው። አንዷ ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ ቀረች። ኤክስሬይ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ በቅጡ ባልታጠበ ጣት ቁስሉን እየጎረጎሩ ይፈልጓት ጀመር። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ወሬውን ሲሰማ በሽቦ ጥቅልልና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ መጣ። ብረት አጠገብ ሲደርስ በማዳመጫው ውስጥ ድምፅ ይሰማል።

ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱም ጊዜ አልተሳካም። አንደኛ፣ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ስለነበረበት መሣሪያውን ሳያሳስተው አልቀረም። ሁለተኛ፣ ዋናው ሐኪም «ጥይቷ በቀኝ ናት» ብለው ስላመኑ ቤል በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈልግ ነበር የተፈቀደለት። ጥይቷ ደግሞ ያለችው በግራ ነበር። ጋርፊልድ ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ። ዛሬ በሰፊው እንደሚታመነው ከጥይቷ ይልቅ የጎዳቸው ከሐኪሞቹ ጣት የገባው ኢንፌክሽን ነው። መሣሪያው ገና በተወለደ በዓመቱ አንድ ትምህርት አስተማረ ማለት ነው፦ ተቻኩሎ መጎርጎር ከተቀበረው ነገር የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንለፍ። አገሩ ስትወረር ወደ ብሪታንያ የተሻገረው ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ በ1941 ስኮትላንድ ውስጥ ሆኖ አንድ ወታደር ብቻውን ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በ1942 መገባደጃ ግብጽ በረሃ ላይ በተካሄደው የኤል አላሜይን ጦርነት 500 ያህሉ ተሰማሩ፤ ፈንጂ በተዘራበት መሬት ላይ መንገድ የመክፈቱ ሥራ በእጥፍ ፈጠነ። ኮሳትስኪ የፈጠራ መብት ሳያስመዘግብበት ለብሪታንያ ጦር በነጻ ሰጠው፤ ከንጉሡም የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። የእነዚያ ወታደሮች ሥራ ጢጥ ሲል ቆም ማለት፣ ቦታውን ምልክት ማድረግና እጅግ ተጠንቅቆ መቅረብ ነበር። የቸኮለ ሰው ሁለተኛ ዕድል አልነበረውም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ትርፍ የሆኑት የጦር መሣሪያዎች በርካሽ ገበያ ላይ ወጡ። ትራንዚስተር መጣና መሣሪያው ቀለለ፣ ዋጋውም ወረደ። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ብረት ፍለጋ እንደ ዓሣ ማስገር ያለ የእረፍት ቀን መዝናኛ ሆነ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ግን ጸጉራቸውን ነጩ። በ1979 የወጣ ሕግ በተመዘገቡ ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ያለ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀም ከለከለ። በ1980 ደግሞ «ያለፈ ታሪካችንን መውሰድ ይቁም» የሚል ዘመቻ ተከፈተ።

ዘመቻው ሁሉንም አላቆመም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ዋንቦሮ ላይ የነበረ የሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ በዘራፊዎች ተቆፋፈረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች ተወሰዱ። የሚገርመው የቆየው ሕግ ነበር። አንድ ወርቅ የመንግሥት ነው ለማለት፣ የቀበረው ሰው ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ እንደነበር መረጋገጥ ነበረበት። ለአምላክ ስለት የተሰጠን ሳንቲም ማን ተመልሶ ሊያወጣ ያስባል?

አሁን ወደ መዶሻው። ኖቬምበር 16 ቀን 1992 ሳፎክ ውስጥ ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋው። ጡረታ ወጥቶ ብረት ፍለጋን መዝናኛው ያደረገውን ወዳጁን ኤሪክ ሎውስን «እስቲ በመሣሪያህ ፈልግልኝ» አለው። ሎውስ ማሳው ላይ ሲዞር ጢጥ አለ። ቆፈረ፤ የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥ፣ ሳንቲም በሳንቲም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ጆንያ ነበር የምፈልገው።

ሎውስ ጥቂት ካወጣ በኋላ መቆፈሩን ተወ። ለባለቦታውና ለፖሊስ ነገረ። በማግስቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መጡና የቀረውን እንዳለ፣ ከነአቀማመጡ አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጉ የሮማውያን ሳንቲሞችና 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃዎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ እቃው በእንጨት ሣጥን ተቀምጦ እንደነበር፣ በውስጡም ትናንሽ ሣጥኖች እንደነበሩ ከተረፈው ስብርባሪና ከትናንሾቹ የብር ቁልፎች ማወቅ ቻሉ። ይህ በጆንያ ተዝቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መረጃ የለም፤ የሚቀረው ክብደት ብቻ ነበር። ሎውስ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሽልማት ተሰጠው፤ ለገበሬውም አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቷል። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ተራ መዶሻ፣ ከሮማ ወርቅ ጋር ጎረቤት ሆኖ።

ከዚህ በኋላ እንግሊዞች ገባቸው። አዲሱ የውድ ቅርስ ሕግ በ1996 ወጣ። ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ተገምቶ ለአግኚውና ለባለመሬቱ ይከፈላል። በ1997 ደግሞ ወርቅም ብርም ያልሆነውን ተራ ግኝት ጭምር በፈቃደኝነት የሚመዘግብ ሥርዓት ተጀመረ፤ እስካሁን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበውበታል። ትናንት ሌባ ይባል የነበረው ባለ ዘንግ፣ ዛሬ ያገኘባትን ነጥብ ካርታ ላይ እያኖረ ታሪክ ያጽፋል።

ሁሉም ግን ሎውስ አይደለም። በ2015 ሄርፎርድሺየር ውስጥ ሌምስተር አቅራቢያ ሁለት ሰዎች የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አገኙ። ወርቅ ጌጥ፣ የብር ጥፍጥፍና 300 ያህል ሳንቲም እንደነበረ ይገመታል። ሳያሳውቁ መሸጥ ጀመሩ። በ2019 ተፈርዶባቸው ለዓመታት እስር ቤት ገቡ። የሚቆጨው ሌላ ነው። ከተገኙት ጥቂት ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ሁለት ነገሥታትን፣ የዌሴክሱን አልፍሬድንና የመርሲያውን ቼኦልዉልፍን፣ ጎን ለጎን የሚያሳዩ ናቸው። ቼኦልዉልፍ በኋላ በተጻፈው ታሪክ የቫይኪንጎች አሻንጉሊት ተብሎ የተናቀ ንጉሥ ነበር፤ ሳንቲሙ ግን የአልፍሬድ አጋር እንደነበር ይመሰክራል። የቀሩት ሳንቲሞች ምን ይሉ ይሆን? አብዛኞቹ እንደተበተኑ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን አፍስሰው መልቀምም አልቻሉም።

እንግዲህ ጓደኛዬ ሆይ፣ እዚያው እንግሊዝ ከጀመርክ እንዲህ ጀምር። ከመሣሪያው በፊት የባለመሬቱን ፈቃድ፣ ቢቻል በጽሑፍ። መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። በ2009 በስታፎርድሺየር ከ4 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ ያገኘው ሰው መሣሪያውን አሮጌ ዕቃ መሸጫ ላይ በ2.50 ፓውንድ ነበር የገዛው። መጀመሪያ ጓሮህ ውስጥ ሳንቲም፣ ምስማርና ቆርኪ ቅበርና ድምፃቸውን ለይ። ጆሮህ ካልሠለጠነ መሣሪያው ብቻውን ምንም አይሠራም፤ የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ድምፃቸው ይመሳሰላል። አንዲት ሳንቲም የሚሰማህ ከአንድ ስንዝር ብዙም ባልራቀ ጥልቀት ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድ አታብዛ፤ ሣሩን እንደ ክዳን ገልጠህ መልሰህ ድፈነው። ያገኘህበትን ነጥብ በስልክህ መዝግብ። ነገሮች ተደራርበው ከታዩህ፣ ወይም ከማረሻ በታች ከወረድክ፣ እጅህን ሰብስብና ስልክ ደውል። አሜሪካ ያላችሁም ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ፣ የጦርነት ሜዳዎቹን ጨምሮ፣ መሣሪያውን እንዳታወጡ። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ቅርስ መፈለግ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ዕወቁ።

አክሱምስ? እዚህ ላይ ነው ግማሽ ግማሹን የምተወው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሷን ሳንቲም ትመታ ነበር። እንደ ኢንዱቢስና ወዜባ ያሉ ነገሥታት ስማቸው የደረሰን በሳንቲም ብቻ ነው። ኢዛና ክርስትናን መቀበሉን ያወጀው በሳንቲሙ ላይ ጭምር ነው፤ ጨረቃዋ ወርዳ መስቀሉ ወጣ። የመን ውስጥ ከኤደን በስተምዕራብ አል ማዳሪባ በተባለ ቦታ ከሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ የአክሱም፣ የቀሩት የሮማ ናቸው። አብረው በመገኘታቸው ብቻ የአክሱም ወርቅና የሮማ ወርቅ ባሕር ማዶ በአንድ ከረጢት ይዞሩ እንደነበር ይነግሩናል። አንዲት ሳንቲም ከአንድ ግድግዳ ሥር ስትገኝ የግድግዳውን ዕድሜ ትናገራለች። ከአንተ ኪስ ስትገኝ የምትናገረው ዋጋዋን ብቻ ነው። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ሳንቲም የሚለቅመው የአክሱም ልጅ ቢያንስ ችግር አለበት፤ እኔና አንተ ምን እንላለን?

ሕጉም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ፍለጋን በፈቃድ ብቻ አደረገው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዲጠብቀው አዘዘ።

ከሕግም በላይ ደግሞ ነፍስ አለች። የእኛ መሬት ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በኦጋዴን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው የኤርትራ ጦርነት ፈንጂ ተዘርቶበታል። በ2001 የፈንጂ ማምከን ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይና በአጎራባች ክልሎች የተካሄደው ጦርነትም ያልፈነዱ ጥይቶችንና ቦምቦችን ጥሎ አልፏል። በዚያ መሬት ላይ መሣሪያው ጢጥ ሲል ሳንቲም ይሁን ሌላ ነገር፣ ድምፁ አይነግርህም። የኮሳትስኪ መሣሪያ ለምን እንደተሠራ የሚያስታውስ አፈር ነው ያለን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መሣሪያውን ግዛ፤ እዚያው ተጠቀምበት። የመጀመሪያዋን ቆርኪህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እስቃለሁ። አገር ቤት ስትመጣ ግን ዘንግህን እዚያው ተወው። አክሱም አብረን እንሄዳለን፣ ሐውልቶቹን ቀና ብለን እናያለን። የመግቢያውን ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን።