ከራስ ጋር ማውራት እብደት የሚሆነው መቼ ነው?

ለመሆኑ ከራሱ ጋር የማያወራ ሰው አለ እንዴ? እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ትናንት ካስቀየመን ሰው ጋር በልባችን እንከራከራለን (ክርክሩንም ሁሌ እናሸንፋለን!)። አማርኛችንም ለዚህ ቃል አላጣም፤ «ልቤ ነገረኝ» እንላለን፣ «ውስጤ አልፈቀደውም» እንላለን። ያው ሰው ግን መንገድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያወራ «ነካ ያደርገዋል» ለማለት ደቂቃ አይፈጅብንም። ታዲያ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ይህንን ድንበር ለማስመር የሞከሩ ብዙዎች ናቸው፤ የሳቱትም ብዙዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሶቅራጥስ እንጀምር። የአቴናው ፈላስፋ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ድምፅ እንደሚሰማውና ሊያደርግ ካሰበው ነገር እንደሚያግደው ይናገር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ለፍርድ ሲቀርብ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ አዳዲስ አማልክት አመጣ የሚል ነበር። አብዷል ያለው ግን አልነበረም። በ1836 ሌሉ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስለዚሁ ድምፅ መጽሐፍ ጻፈና ሶቅራጥስን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የአእምሮ ሕመምተኛ አደረገው! ለሌሉ መስመሩ ቀላል ነበር፤ የሌለ ድምፅ የሰማ ሁሉ ታሟል።

መስመሩ ብዙም ሳይቆይ ተነቃነቀ። ከ1889 ጀምሮ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሄንሪ ሲጅዊክና ባልደረቦቹ 17,000 ሰዎችን ጠየቁ፦ በደንብ ነቅታችሁ ሳለ በአካባቢያችሁ የሌለ ነገር አይታችሁ፣ ዳስሷችሁ ወይም ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በ1894 በወጣው ውጤት መሠረት ከመቶው ወደ 10 የሚጠጉት «አዎ» ብለዋል። እነዚህ ሁሉ ታመዋል ሊባል ነው?

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ደግሞ በ1934 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን ከሥሩ አየው። ሕፃን ሲጫወት ለራሱ ጮክ ብሎ ያወራል፤ ሲያድግ ያ ንግግር ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳብ ይሆናል አለ። እንግዲህ በልባችን የምናወራው ወሬ መነሻው ከእናትና ከአባት፣ ከጓደኛ ጋር ያወራነው ነው ማለት ነው።

በ1973 አሜሪካዊው ሮዘንሃን አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አሳተመ። ስምንት ጤነኛ ሰዎች «ድምፅ እሰማለሁ» ብለው ወደ አእምሮ ሆስፒታሎች ሄዱ፤ ሁሉም ተኙ። ከገቡ በኋላ እንደ ጤናቸው ቢሆኑም የነቃባቸው ሐኪም አልነበረም፤ ማስታወሻ መጻፋቸው ሳይቀር እንደ ሕመም ተቆጠረ (ጋዜጠኞች ሆይ፣ ተጠንቀቁ!)። ነገር ግን ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ የሮዘንሃን ታሪክ ራሱ ብዙ ቀዳዳ እንዳለው አሳይታለች። ቢሆንም ያነሳው ጥያቄ አልሞተም፤ አንድ ምልክት ብቻውን ሰውን በሽተኛ ያሰኛል ወይ?

ለዚህ የተሻለ መልስ የመጣው ከሆላንድ ነው። በ1987 የአእምሮ ሐኪሙ ማሪየስ ሮም ድምፅ ከምትሰማ ታካሚው ጋር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች እንዲደውሉ ጠየቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ምላሽ ሰጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪም ሳያዩ ሥራቸውን ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው የሚኖሩ ነበሩ። ሮም የተረዳው ይህንን ነው፦ ልዩነቱ መስማቱ ላይ ሳይሆን ድምፁ በሰውየው ኑሮ ላይ በሚያደርሰው ላይ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምንጭሽ ማነው?» ነበር። አእምሮም ይህንኑ ሳይጠይቅ አይቀርም። እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሪዝ በ1992 እንዳቀረበው ሐሳብ፣ አንዳንድ ሕመምተኞች የሚሰሙት የራሳቸውን ውስጣዊ ንግግር ነው፤ አእምሯቸው ግን «የኔ ነው» ብሎ መለየት አቅቶታል።

«ታዲያ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉን ይሆናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠንቶ ነበር። ታመው ከተገኙት አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አግኝተው አያውቁም። መስመሩን ስንስት የሚጎዱት በሁለቱም ወገን ያሉት ናቸው፤ ጤነኛውን «እብድ» እንለዋለን፣ የታመመውን ደግሞ ስሙን ፈርተን ቤት ውስጥ እንደብቀዋለን።

ስለዚህ «ለብቻው ያወራል ወይ?» ብለን ባንጠይቅ ይሻላል። ይልቅ እንዲህ እንበል፦ ድምፁ የራሱ እንደሆነ ያውቃል? ይተኛል? ይበላል? ሥራውን ይሠራል? ድምፁ ራስህን ወይም ሌላውን ጉዳ ብሎ ያዝዘዋል? የመጨረሻው መልስ «አዎ» ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። ከዚያ መለስ ያለው ግን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ጎረቤታችን፣ እንደ እኛው ክርክሩን እያሸነፈ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት!