ወጨጫና የአበው ደን

ከሰበታና ከቡራዩ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ ቁመቱ ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር የሚበልጠው የወጨጫ ተራራ፣ በጥንተ ዘመን እሳት ሲተፋ ኖሮ የበረደ እሳተ ገሞራ ነው። በምዕራብ ገጹ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ግን የተፈጥሮ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰው ጥበቃም ፍሬ ነው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ተራራው ዕፀዋቱን አጥቶ መራቆቱን አይተው፣ በሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ሲነገር ኖሯል።

የዚህ ጥበቃ ዋጋ የሚታወቀው ዐይንን ወደ እንጦጦ ሲመልሱ ነው። ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ባለው በዚያ ጋራ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን አቅንተው፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ ለቤትና ለማገዶ የሚቈረጠው እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር፤ ችግሩን ያቃለለው ከባዕድ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ዛሬ በአብዛኛው የእንግዳ ዛፍ ልብስ ለብሶ ሲታይ፣ ወጨጫ የአገሩን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲልም ኮሶን፣ ወደ ራሱ ሲቀርብ አስታንና ጅባራን እንደ ያዘ ይኖራል።

እንግዲህ ወደዚህ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ሁሉ፣ ከቆላ የመጣ ከሆነ አየሩ ስለሚሳሳበት እርምጃውን ያዘግይ፤ ክረምት መንገዱን ጭቃና ጉም ስለሚያደርገው ከመስከረም በኋላ ያለውን በጋ ይምረጥ፤ ማለዳና ማታ ብርዱ ጽኑ ነውና ወፍራም ልብስና የሚጠጣ ውኃ ይያዝ፤ ዱካውን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው አስቀድሞ ያስከትል። ጉሬዛንና የምኒልክ ድኩላን ከሩቅ ይመልከት እንጂ አያስደንግጥ፤ ከሁሉም በላይ፣ በበጋ የደረቀ አስታ ፈጥኖ የሚቀጣጠል ነውና እሳት አያንድድ። አበው ተክለውና ከልክለው ያቆዩትን ደን የአንድ ቀን እንግዳ ሊያጠፋው አይገባም፤ ተራራውን በእውነት ወጣሁ ሊል የሚችለው ቅርንጫፍ ሳይሰብር የወረደ ሰው ነው።