ሻንጣ በወርቅ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1929 ዋርሶ ላይ የተፈረመው የአየር ማጓጓዣ ስምምነት ለጠፋ ሻንጣ ዋጋ ቆርጦለት ነበር፤ በኪሎ 250 ፍራንክ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም የአውሮፓውያኑ ናቸው።) ፍራንክ ሲባል ግን የወረቀቱ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ስምምነቱ ፍራንኩን የተረጎመው በወርቅ ነው፤ 65.5 ሚሊግራም፣ ንጽሕናው ከሺህ 900። ካልኩሌተር አውጥታችሁ ብትመቱት አንድ ኪሎ ሻንጣ 14.7 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ ይሆናል። ዛሬ ቦሌ ላይ የምናስመዝነው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በዚያ ሒሳብ ወደ 339 ግራም ወርቅ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽሮና በርበሬ ቢሆንም።

ለምን በኪሎ? ያኔ አየር መንገድ ገና ጨቅላ ንግድ ነበር፤ አንድ አደጋ ኩባንያውን ጠራርጎ እንዳይወስደው ኃላፊነቱ ጣሪያ ተበጀለት። በምላሹ ተሳፋሪው የኩባንያውን ጥፋት ማስረዳት ቀረለት። ክብደት የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ለእኔ ለፕሮግራመሩ በጣም ይገባኛል። በሻንጣው ትኬት ላይ እንዲጻፍ የታዘዘው የዕቃው ብዛትና ክብደት ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይመዘግብም። ሲስተሙ የያዘው ዳታ ኪሎ ከሆነ የሚያሰላውም በኪሎ ነው።

ችግሩ የመጣው ወርቁ ከገንዘቡ ሲፋታ ነው። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የወርቅ ይፋዊ ዋጋ በአውንስ 42.22 ዶላር ነበር፤ በዚህ ሲመነዘር የሻንጣ ካሳ በኪሎ 20 ዶላር፣ በእነሱ ሚዛን በፓውንድ 9.07 ዶላር ሆነ። ከዚያ ይፋዊው ዋጋ በ1978 ተሰረዘ፣ የገበያው ወርቅ ሽቅብ ወጣ። የካሳው ቁጥር ግን እዚያው 9.07 ላይ ቆሞ ቀረ። ኮድ ውስጥ አንዴ የተጻፈና ማንም የማይነካው ቁጥር የሚሆነውን ታውቃላችሁ አይደል?

ይህን ቁጥር ፍርድ ቤት ያቆመው ፍራንክሊን ሚንት የተባለ ሳንቲም አምራች ነው፤ ነገሩም የአምላክ ቀልድ ይመስላል። በ1979 ከፊላደልፊያ ወደ ለንደን በትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ የላከው ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሳንቲም ነክ ዕቃ ጠፋ። ጭነቱ 714 ፓውንድ ይመዝናል፤ ኩባንያው 250,000 ዶላር ጠየቀ። ይህ ካርጎ ነው፣ ሻንጣ አይደለም፤ የኪሎው ጣሪያ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የፈረደው 9.07 እንዲጸና ነው። 714ን በ9.07 አባዙት፤ 6,475 ዶላር ከ98 ሳንቲም። በወርቅ የተጻፈ ሕግ የሳንቲም ነጋዴውን በሳንቲም ሸኘው።

ለተራው መንገደኛም የኪሎው ስሌት ከዚህ የተሻለ አልነበረም። 2 ኪሎ የሚመዝን ካሜራ 40 ዶላር፣ 20 ኪሎ አሮጌ ብርድ ልብስ 400 ዶላር! ይህ የተለወጠው በሜይ 28 ቀን 1999 በሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ሚዛኑ ወጣና ጣሪያው በአንድ ተሳፋሪ ሆነ። መጀመሪያ 1,000 ኤስዲአር ነበር፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የአምስት ገንዘቦችን ዋጋ ደባልቆ የሚያሰላው መለኪያ ነው። በዋጋ ንረት ልክ እየተከለሰ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ደርሷል፤ ከ2,000 ዶላር ትንሽ ዘለግ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ ጣሪያ ነው። የሚከፈለው የምታስረዱት ኪሳራ ነው፣ ለዚህ ነው ደረሰኝ የሚጠየቀው። ሻንጣው ዘግይቶ እስኪመጣ የገዛችሁት የጥርስ ቡሩሽና ቅያሪ ልብስም በዚሁ ይጠየቃል፤ አየር መንገዱ ማድረግ ያለበትን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በቀር።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። የቀረው ደግሞ የሰው አደራ ያለበት ነው፤ ለአንዲት እናት የተላከ መነጽር፣ በክር ተለክቶ የተገዛ የሕፃን ጫማ። ካውንተር ላይ ያለው ልጅ «ይመጣል እናቴ፣ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ፣ እንደውላለን» አላት። አክስቴ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ናት። «የኔ ልጅ፣ ቁጥር ሳትሰጠኝ ከዚህ አልነቃነቅም» ብላ ቆመች። ሪፖርቱ ተሞላ፣ ቁጥሩ ተሰጣት። በአምስተኛው ቀን ሻንጣው መጣ።

ያ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት የኤርፖርት ፊደል፣ ሁለት የአየር መንገድ ፊደል፣ አምስት አኃዝ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች በጋራ በሚጠቀሙበት ዎርልድትሬሰር በተባለው ሲስተም ውስጥ የጠፋው ሻንጣ ፋይል የሚከፈትበት ቁልፍ። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ባርኮድም አሥር አኃዝ አለው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያለው የአየር መንገዱ መለያ፣ የመጨረሻው ስድስት የሻንጣው ተራ ቁጥር ነው። ቼክ ኢን ላይ የምትሰጣችሁን ቁራጭ ፎቶ አንሱ። ትራንዚት ላይ ባርኮዱ ከተቀደደ ሻንጣው ስም የለውም።

ቀኖቹንም ያዙ፤ እነሱም ታሪክ አላቸው። በ1929 ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ የሚቀርበው በ3 ቀን፣ ለዘገየ በ14 ቀን ውስጥ ነበር። በ1955 ሄግ ላይ ወደ 7 እና 21 ቀን ከፍ አለ፤ ዛሬም ያው ነው። የ21 ቀኑ የሚቆጠረው ሻንጣው እጃችሁ ከገባ ጀምሮ ነው፤ አቤቱታው ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ስልክ አይቆጠርም። ጨርሶ ሳይመጣ 21 ቀን ካለፈ እንደጠፋ ቆጥራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ፍርድ ቤት ለመሄድ 2 ዓመት አላችሁ።

አደራው ግን? በ2012 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ ሲበር ሁለት ሻንጣ የጠፋበትን ባለ አራት ሰው ቤተሰብ ጉዳይ አይቶ፣ ሻንጣው በሌላው ተሳፋሪ ስም ቢመዘገብም ዕቃው ውስጡ የነበረ ተሳፋሪ ሁሉ በየራሱ መጠየቅ ይችላል ብሏል። ጥሩ ፍርድ ነው። ሆኖም «ተሳፋሪ» ነው የሚለው። መነጽሩን የምትጠብቀው እናት አልተሳፈረችም፤ የሕፃኑም ጫማ ባለቤት እንዲሁ። የእነሱን ነገር የሚመልሰው ተሸካሚው ነው፣ በራሱ ጣሪያ ውስጥ።

ከጣሪያው በላይ መውጫ አለ። ዕቃው ሲረከብ ዋጋውን አስመዝግቦ፣ ከተጠየቀም ተጨማሪ ከፍሎ፣ ባስመዘገቡት ልክ መካስ። ይህ አንቀጽ ከ1929 ጀምሮ ሳይነሳ አለ። ቦሌ ላይ ከበርበሬና ከቡና ጋር ስንሰለፍ ዋጋ ላስመዝግብ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።