ስውር መሃል፦ ስፒከር ከሌለበት የሚሰማው ድምፅ

የስቴሪዮ ስፒከር ሁለት ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በአግባቡ ከተቀመጡ ግን የዘፋኙ ድምፅ የሚሰማው ምንም ከሌለበት ከመሃላቸው ነው። የድምፅ ባለሙያዎች ይህን «ፋንተም ሴንተር» ይሉታል፤ በአማርኛ «ስውር መሃል» ብንለው ይስማማዋል።

ስውር መሃል የሚፈጠረው አእምሯችን ውስጥ ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለቱም ስፒከሮች እኩል ጎልቶ፣ እኩል ሰዓት ጆሯችን ሲደርስ፣ አእምሮ አንድ ምንጭ አድርጎ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻም ይህን የጆሮ ጠባይ መሠረት ያደረገ ነበር።

እንግዲህ ወሳኙ ርቀት ነው። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ራስም 2 ሜትር ይሁን፤ ገመድ ወጥሮ መለካት ይበቃል። ከዚያ ቦታ ግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ፈቀቅ ካላችሁ፣ የግራው ስፒከር ከቀኙ ይልቅ ግማሽ ሜትር ገደማ ይርቃችኋል፤ ድምፁም 1.4 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ለጆሮ ይህ ብዙ ነው፤ ዘፋኙ መሃሉን ለቆ ወደ ቀኙ ስፒከር ይሄዳል። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ስቴሪዮውን በቅጡ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ርቀቱ ተስተካክሎም ስውሩ መሃል ካልመጣ ከስፒከሮቹ ጀርባ ያለውን ሽቦ እዩ። በአንዱ ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተቀያይረው ከሆነ፣ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። የዘፋኙ ድምፅ ቦታ አጥቶ ይበተናል፣ ቤዙም ይሳሳል።

ለፊልም የሚሆነው ባለ 5.1 ሰራውንድ መሃል ላይ እውነተኛ ስፒከር ያቆማል፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ የትም የተቀመጠ ሰው ተዋናዩን ከስክሪኑ በኩል ይሰማዋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ የፊተኞቹ ሁለቱ ከመሃል መስመር በ30 ዲግሪ ግራና ቀኝ ይሆናሉ፤ በገመድ የለካነውም ልክ ይህንኑ ማዕዘን ይሰጣል። የሰራውንድ ስፒከሮቹ ቦታ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ከአድማጩ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ሶፋው ከግድግዳ ከተጣበቀ ይህ ቦታ አይገኝም፤ ሶፋውን ትንሽ ወደ ፊት መሳብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለሙዚቃ የሚሆኑትን ሁለቱን አስተካክሉ፤ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይደረደራል። ለፊልም ሰፋ እንዲል ተብሎ ሁለቱን ወደ ክፍሉ ጥግ መግፋት ሙዚቃውን መሃል አልባ ያደርገዋል፤ እኔ በፍጹም አልመክርም። የመሃል ስፒከር መግዣ ከሌለና ፊልም የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ከሆነም ችግር የለም፤ ስፒከሮቹን በሚያሠራው ሪሲቨር ማስተካከያ ላይ የመሃል ስፒከር እንደሌለ ምረጡ፣ ንግግሩን ለግራና ለቀኙ እኩል አካፍሎ ይልከዋል።