ካቡን የካበው ማን ነው? ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥበቃ ታሪክ



ከአማኑኤል ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል ወደ ቢቸና፣ ከዚያም ወደ ሞጣ የሚያቀና መንገደኛ፣ በታረሰው ምድር መካከል ተነጥለው የቀሩ ደኖችን ያያል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው የተረፈው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ሃይማኖቱ ጠበቀው» ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ለታሪክ ተማሪ ግን አይበቃም። ግዝት ምሳር የያዘውን ሰው ይመልሳል፤ ችግኝ የሚግጠውን ጥጃ ግን አይመልስም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን የጉልት መሬቷን አጣች። በሕግ ዓይን ሲታይ ደኑም ያን ጊዜ ጠባቂ ማጣት ነበረበት። በብዙ ቦታ ግን ቆሞ ቀረ። እንደ እኔ ፍርድ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ልጁን ክርስትና ያስነሣውና አባቱን የቀበረው በዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ጉልቱ የደብሩ ነበር፤ መቃብሩ ግን የእርሱ ነው።

ሞጣን ከወዲያኛው የዓባይ ዳር በሚያገናኘው በሰባራ ድልድይ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ጉዳዩ በጥናት ተመርምሯል። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የምታውቋቸው የደን ሳይንስ ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ይሁንና ዋናው ቁም ነገር ቁጥሩ አይደለም። ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ አይጸናም። አረጋውያን ዛፎች ቆመው ስናይ ደኑ ደኅና ይመስለናል፤ ተተኪ ግን የለውም።

ኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መከሩ፤ ደኖችም በድንጋይ ካብ መታጠር ጀመሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከማሳ ነው። ገበሬው እርሻው ይጸዳለታል፣ ደኑም ይከለልለታል፤ ሥራው የተወደደው በዚህ ይመስለኛል። ካቡ የውጭውን ከብት ይከለክላል እንጂ ከውስጥ የሚመጣውን፣ ማለትም የሕንፃ ማስፋፊያውንና ለገቢ የሚተከለውን ባሕር ዛፍ፣ አይከለክልም።

የጉልት ስጦታ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የካቢዎቹ ታሪክ ግን የሚገኘው በሰው አፍ ነው። ስለዚህ ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ከደብሩ አስተዳዳሪ በፊት እረኛውን ጠይቁ። ካቡ በየትኛው ወገን እንደሚፈርስ፣ ማንስ መልሶ እንደሚክበው የሚያውቀው እርሱ ነው።